ለልጅ የመጀመሪያውን የሰንጠረዥ መጽሐፍ ስለ መምረጥ

ልጅን ለማስተማር የሚወጣ ገንዘብ ከንቱ አይቀርም ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ነገሩም በብዙው እውነት ነው። ነገር ግን ገንዘብ ከፍለን በገዛነው መጽሐፍ የገዛ ልጃችንን ከትምህርቱ ያራቅነው እኛው ራሳችን ስለ ሆንን፥ የደረሰብንን ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ብንገልጽ ሳይጠቅም አይቀርም ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም ሰንጠረዥ ለሚጀምር ልጅ የትኛውን መጽሐፍ መግዛት ይገባል የሚል ነው። ሆኖም ትንሽ በሚመስል ነገር የልጅ ልብ ሊሰበርም ሊጠገንም እንደሚችል በቤታችን አይተናል።

አያታችን ሰንጠረዥ ወዳድ ነበሩ። በበዓል ቀን ከምሳ በኋላ ያ ቀይ ጨርቅ፥ በጥቁር ጥብጣብ ስልሳ አራት ቤት የተከፈለው፥ በመካከል ይዘረጋል፤ ከቀንድ የተቀረጹት ጠጠሮች ከከረጢታቸው ይወጣሉ፤ ጎረቤትና ዘመድም ግራና ቀኝ ይቀመጣል። እኛ ሕፃናቱ ከአያታችን ጉልበት አጠገብ ተኰራምተን እንመለከት ነበር። ንጉሡና ፈርዙ፥ ፊሉና ፈረሱ፥ ደሩና መደቁ እንዴት እንደሚሄዱ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። ፈርዝ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ እንደሚራመድ፥ ፊልም በማዕዘን አንዱን ቤት ዘሎ በሁለተኛው ላይ እንደሚያርፍ ያወቅነው እጃቸውን በማየት ነው። ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚለን ወረራ የሚባለው የጨዋታው መጀመሪያ ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፈቀዳቸው ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉና ሰሌዳው እውነተኛ የጦር ሜዳ ይመስለን ነበር። ተመልካቹም ዝም አይልም፤ አንዱ ይመክራል፥ ሁለተኛው ይገሥጻል፥ ሦስተኛው እጁን ዘርግቶ መንገዱን ያሳያል። መጽሐፍ የሚባል ነገር ግን በዚያ አልነበረም።

ሰንጠረዥ በአገራችን የቈየ ጨዋታ ነው። ከህንድ አገር በስድስተኛው መቶ ዓመት ገደማ ተነሥቶ ወደ ፋርስ፥ ከፋርስም ወደ ዓረቦች እንደ ተላለፈ የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ የእኛም ቃል ዓረቦች ሸጥረንጅ ከሚሉት ቃል ጋር አንድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን። ከ1508 እስከ 1540 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት በአገራችን የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ዋልተር ፕላውደንም የአጨዋወቱን ሥርዓት ጽፎ ትቶልናል፤ መጽሐፉም እርሱ ከሞተ በኋላ በ1868 ዓ.ም. ታትሟል።

በአውሮፓ ግን በ15ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ላይ ጨዋታው ተለወጠ። አንድ ቤት ብቻ ይራመድ የነበረው ፈርዝ በእነርሱ ዘንድ ንግሥት ሆነና በስምንቱም አቅጣጫ መንገድ እስካልተዘጋበት ድረስ እንዲሄድ ተፈቀደለት፤ ፊሉም ጳጳስ ተብሎ በማዕዘን ረዥም መንገድ የሚሄድ ሆነ። ይህ አዲስ ጨዋታ፥ ዛሬ ቼዝ የምንለው፥ ዓለሙን ሁሉ ያዘ፤ ልጆቻችንም በትምህርት ቤት ከጓደኞቻቸው ጋር የሚጫወቱት ይህንኑ ነው። እንግዲህ አባት የአያቱን ሰንጠረዥ ደኅና አድርጎ ቢያውቅ እንኳ፥ ንጉሥና ግንብ በአንድ ተራ አብረው የሚንቀሳቀሱበትን፥ ወታደርም በአጠገቡ ያለፈውን ወታደር የሚበላበትን አዲስ ሥርዓት አያውቀውም። ስለዚህ መጽሐፍ መፈለግ ግድ ይሆናል። እኛም የተሳሳትነው በዚህ ቦታ ነው።

የበኵር ልጃችን ስምንት ዓመት በሞላው ጊዜ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ውጭ አገር ሄደን ነበር። ሥራችንን ከፈጸምን በኋላ ወደ አንድ መጽሐፍ ቤት ገብተን የቼዝ መጻሕፍት ካሉበት መደርደሪያ ፊት ቆምን። ቀጫጭኖቹ ሥዕል የበዛባቸው ስለ ነበሩ ጨዋታ እንጂ ትምህርት አልመሰሉንም። ከመካከላቸው አንድ ወፍራም፥ ሽፋኑ ጠንካራ፥ በውስጡም ስለ ጨዋታ አጀማመር ብቻ የሚናገር መጽሐፍ አገኘን። ትልቅ መጽሐፍ ትልቅ ዕውቀት ይሰጣል ብለን ገዛነው። እውነቱን ለመናገር፥ መጽሐፉን በሻንጣችን ስናስገባ የምናስበው ልጁን ሳይሆን ልጁን አይተው የሚያደንቁንን ሰዎች ነበር።

ልጁ ታዛዥ ነበርና ያልነውን ሁሉ አደረገ። ማታ ማታ ከራት በኋላ መጽሐፉን ከፍተን የአጀማመሩን መስመር እናነብለታለን፤ እርሱም እንደ ዳዊት እየደገመ በቃሉ ያጠናል። በጥቂት ወር ውስጥ የብዙውን አጀማመር ስምንት ስምንት እርምጃ አወቀ። ለምን እንደሚራመድ ግን እርሱም አልጠየቀም፥ እኛም አልነገርነውም፤ ብንጠየቅም መልስ አልነበረንም።

ከዕለታት አንድ ቀን በቤታችን ግብዣ ሆነ። ከእንግዶቹ አንዱ ቼዝ አዋቂ መሆናቸውን ስለ ሰማን ልጁን ጠርተን ከፊታቸው አስቀመጥነው። ልጁም ስምንቱን እርምጃ ሳያመነታ ፈጥኖ ሄደ፤ የተሰበሰበውም ሰው አደነቀ። በዘጠነኛው ላይ እንግዳው መጽሐፉ ያላለውን አንድ ተራ እርምጃ ሄዱ። ልጁ እጁን ወደ ሰሌዳው ዘረጋ፤ መለሰው፤ ደግሞ ዘረጋ። ጊዜው ረዘመ፤ ሰውም ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ወደ እኛ ዞረና፥ «አባባ፥ መጽሐፉ እዚህ ላይ አለቀ» አለን። እኛም ልጁን በማጽናናት ፈንታ፥ «በል ተጫወት፥ ሰው ይጠብቅሃል» አልነው። እንግዳው ደግ ሰው ስለ ነበሩ ጨዋታውን እኩል ለእኩል ይሁን ብለው ተነሡ፤ ልጁ ግን ነገሩን ተረድቶታል።

በዚያች ሌሊት ባለቤታችን አንድ ቃል ተናገረችን፤ «ለመሆኑ ልጁን ያስተማርነው ጨዋታ ነው ወይስ ፍርሃት?» ስትል ጠየቀችን። እኛም በጊዜው ተቈጣን። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ የቼዝ ጠጠር በእጁ አልነካም። ስንጠራው ትምህርት አለብኝ ይላል፤ ስናስገድደው ይቀመጣል፥ ነገር ግን ልቡ ከእኛ ጋር አይሆንም። ቀስ በቀስም ከቼዙ ሌላ በሌላውም ነገር ያውቀው የነበረውን እንኳ በፊታችን መናገር የሚፈራ ልጅ ሆነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት በእኛ ቤት ተፈጸመ።

ታናሽ እኅቱ ሰባት ዓመት በሞላት ጊዜ ከትምህርት ቤት መጥታ ቼዝ አስተምሩኝ አለችን። ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ መጣብን። ባለቤታችንም፥ «በዚህ ጊዜ መጽሐፉን ከመግዛታችሁ በፊት ልጅቱን ተመልከቱ» ብላ መከረችን። ምክሯን ተቀብለን ለሁለት ወር ያህል ከወዳጆቻችን እየተዋስን፥ ከመጽሐፍ ቤትም እየቆምን እያነበብን፥ ለጀማሪ ልጆች የተጻፉትን መጻሕፍት መረመርን። ያገኘነውን እነሆ።

መጀመሪያ የተረዳነው፥ ለአዋቂ ጥሩ የሆነ መጽሐፍ ሁሉ ለልጅ ጥሩ አለመሆኑን ነው። የኩባው ተወላጅ ካፓብላንካ ከ1921 እስከ 1927 ዓ.ም. የዓለም አሸናፊ የነበረ ሰው ነው፤ በ1921 ዓ.ም. ያሳተመው የቼዝ መሠረት የሚያስተምር መጽሐፍም እስከ ዛሬ ይነበባል። ነገር ግን ያ መጽሐፍ ለሚያስብ ጐልማሳ የተጻፈ ነው። ካፓብላንካ ራሱ ጨዋታውን የተማረው በአራት ዓመቱ አባቱ ሲጫወት በመመልከት ነበር እንጂ ከመጽሐፍ አልነበረም። እንዲሁም ኧርቪንግ ቼርኔቭ በ1957 ዓ.ም. 33 ጨዋታዎችን ሰብስቦ የእያንዳንዱን እርምጃ ምክንያት የገለጸበት መጽሐፍ እጅግ የተመሰገነ ነው፤ ለምን ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ መልስ አለው። ሆኖም ልጁ ይህን ለማንበብ አስቀድሞ ብዙ ጊዜ ተጫውቶ፥ ብዙ ጊዜም ተሸንፎ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ነገር የመጽሐፉ አካሄድ ነው። ጥሩ የልጅ መጽሐፍ ትንሽ ተናግሮ ብዙ ይጠይቃል። አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር ከሁለት ረዳቶች ጋር ሆኖ በ1966 ዓ.ም. ያሳተመው፥ «ቦቢ ፊሸር ቼዝ ያስተምራል» የሚለው መጽሐፍ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። በገጹ ላይ አንድ የሰሌዳ ሥዕልና አንድ አጭር ጥያቄ አለ፤ ገጹን ሲገልጡ መልሱ ይገኛል። የእርምጃ አጻጻፍ ምልክት ለማጥናት አያስገድድም፤ መንገዱን በቀስት ያሳያል። ስለ ጨዋታ አጀማመርም አያስጨንቅም፤ የሚያስተምረው ንጉሥን መውጫ ማሳጣትን ነው። ልጃችን መጽሐፉ በቀኝ ገጽ ብቻ ተነቦ ካለቀ በኋላ ተገልብጦ በሌላው በኩል እንደሚነበብ ባየች ጊዜ ብዙ ሳቀች። ፊሸር በ1949 ዓ.ም. በስድስት ዓመቱ ከታላቅ እኅቱ ጋር ሲጀምር መምህሩ ከጠጠሮቹ ጋር በሣጥኑ ውስጥ የነበረው አጭር የማስረጃ ወረቀት ነበር፤ በ1972 ዓ.ም. ግን የዓለም አሸናፊ ሆነ። ይህን የምንጽፈው ልጅ ሁሉ እንደርሱ ይሆናል ለማለት አይደለም፤ ለመጀመሪያ የሚበቃው ቃል ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው።

ሦስተኛው፥ ጨዋታውን ከፋፍሎ ማቅረብ ነው። ሆላንዳውያኑ ሮብ ብሩኒያና ኮር ፋን ዌይገርደን ያዘጋጁት «የደረጃዎች ዘዴ» የሚባል ትምህርት አለ። ለልጁ ቀጭን የመልመጃ ደብተር፥ ለአስተማሪው ደግሞ የሚመራበት ሌላ መጽሐፍ ይሰጣል። ልጁ ሠላሳ ሁለቱን ጠጠር በአንድ ቀን እንዲይዝ አይገደድም፤ በጥቂት ጠጠሮች ትንንሽ ጨዋታ ይጫወታል። ከእነዚህ መካከል ስምንት ወታደር በስምንት ወታደር ተሰልፎ አስቀድሞ ወደ ማዶ የደረሰው የሚያሸንፍበት ጨዋታ በየአገሩ የታወቀ ነው። ወላጅ ራሱ ቼዝ የማያውቅ እንደ ሆነ ይህን የመሰለ የአስተማሪ መጽሐፍ ያለበትን ትምህርት ቢመርጥ ከልጁ ጋር እኩል ይማራል።

አራተኛው፥ የልጁ ጠባይ ነው። ተረት የሚወድ ልጅ አለ፤ ውድድር የሚወድም አለ። ለመጀመሪያው መሪ ቻንድለርና ሄለን ሚሊጋን በ2004 ዓ.ም. ያሳተሙት «ቼዝ ለልጆች» መልካም ነው፤ ጆርጅ የሚባል ልጅ ከአንዲት አዞ ጋር እየተነጋገረ ጨዋታውን ይማርበታል። ለሁለተኛው ያው ቻንድለር በ1998 ዓ.ም. የጻፈው፥ «አባትህን በቼዝ እንዴት ታሸንፋለህ» የሚለው አለ፤ ንጉሥ መውጫ የሚያጣባቸውን 50 መንገዶች ያሳያል። የዚህን መጽሐፍ ስም ያየን ጊዜ ለአባት ክብር የማይገባ መስሎን ወደ መደርደሪያው መልሰነው ነበር። ኋላ ስናስበው ግን፥ ልጁ ቢያሸንፈው የማይደሰት አባት አስቀድሞ ባያስተምረው ይሻላል ብለን ተጸጸትን።

አምስተኛው፥ ብዛትን መፍራት ነው። የሀንጋሪው ላስሎ ፖልጋር፥ ሦስት ሴቶች ልጆቹን ለዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች ያደረገው አባት፥ በ1994 ዓ.ም. 5,334 ጥያቄና ጨዋታ የያዘ መጽሐፍ አሳትሟል። የመጀመሪያዎቹ 306 ጥያቄዎች ንጉሡን በአንድ እርምጃ መውጫ የሚያሳጡ ስለ ሆኑ ለልጅ ይስማማሉ። ነገር ግን ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ የሆነውን ጥራዝ በሰባት ዓመት ልጅ ፊት ብናኖር፥ ለወንድሟ ያደረግነውን መድገም ይሆናል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ወላጅ በእጁ ይዞ በቀን አምስት አምስት ጥያቄ በሰሌዳ ላይ ቢሠራላቸው ይበልጣል።

ከዚህ ሌላ ገዢ በዓይኑ ሊያያቸው የሚገቡ ሁለት ጥቃቅን ነገሮች አሉ። አንደኛው፥ በመጽሐፉ ሥዕል ላይ በተጫዋቹ ቀኝ እጅ በኩል ያለው የታችኛው ማዕዘን ነጭ ቤት መሆን አለበት፤ ንግሥቲቱም በየቀለሟ ቤት ትቆማለች። ይህ የተሳሳተበት መጽሐፍ ሌላውም እንደማይታመን ይታወቅ። የአያቶቻችን ሰሌዳ ነጭና ጥቁር ቤት ስላልነበረው እኛ ይህን ለመመልከት አልለመድንም። ሁለተኛው፥ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የሚገዛ ሰው የእርምጃውን አጻጻፍ ይመልከት። ዛሬ በዓለም የሚሠራበት ቤቱን በፊደልና በቁጥር፥ ለምሳሌ ኢ4 ብሎ፥ የሚጠራው ነው። በቀድሞ ዘመን የታተሙ ብዙ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ግን ቤቱን ከቆመበት ጠጠር ስምና ከተጫዋቹ ወገን እየቈጠሩ ይጠሩታል፤ አንዱ ቤትም ሁለት ስም ይኖረዋል። ይህ ለልጅ ዕንቅፋት ነው።

ይህን ሁሉ ከመረመርን በኋላ ሦስት መጽሐፍ ተውሰን ወደ ቤት አመጣን። ለልጅቱም አንዱን ከሌላው አላስበለጥንላትም። በየማታው አንዱን መጽሐፍ ከሰሌዳና ከጠጠሮች ጋር ከፊቷ አኑረን፥ ሩብ ሰዓት ያህል ከክፍሉ ወጥተን ቈየን። ስንመለስ የምንመለከተው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም እጇ ያለው በመጽሐፉ ላይ ነው ወይስ በጠጠሮቹ ላይ? በመጀመሪያው ማታ ሥዕሎቹን ስትገልጥ አገኘናት። በሁለተኛው አንቀላፍታ አገኘናት። በሦስተኛው ማታ የፊሸር መጽሐፍ ተከፍቶ፥ በሰሌዳው ላይ አንድ ንጉሥና ሁለት ግንብ ቆመው፥ እርሷም በጉልበቷ ተንበርክካ አንዱን ግንብ ወዲያና ወዲህ ስትወስድ ደረስን። ዞር ብላ እንኳ አላየችንም። መጽሐፉ በዚያ ተመረጠ።

ነገር ግን አንድ ችግር ቀረ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር፤ ልጅቱም ገና እንግሊዝኛ በደንብ አታነብም። እኛም ማታ ከሥራ ደክመን ስንመጣ ተርጕመን ልናነብላት ቃል ገባን፤ ጥቂት ቀንም አደረግነው፤ ከዚያ በኋላ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ እያሳበብን እናዘገየው ጀመር። አንድ ቀን አምሽተን ስንገባ ከልጆቹ ክፍል ድምፅ ሰማን። «ይህ ማለት ንጉሡ መሸሻ የለውም ማለት ነው። አየሽ፥ በፊቱ ያሉት የራሱ ወታደሮች ናቸው የዘጉበት። ለምን እንደ ሆነ አንቺ ንገሪኝ» ይላል ድምፁ። የበኵር ልጃችን ነበር። እኛም ጫማችንን አውልቀን በኮሪደሩ ቆመን አዳመጥን፤ ሳል እንኳ እንዳያመልጠን አፋችንን ያዝን።

እንዲያ እያለ ሳምንታት አለፉ። ልጁ አያታችን ጠጠሮቹን በምን ስም ይጠሩ እንደ ነበር ጠየቀን፤ እኛም ደስ እያለን ፈርዝና ፊል፥ ደርና መደቅ ብለን ነገርነው። ያንኑ ሁሉ ከአዲሱ ስም ጋር እያስተያየ በአንድ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ጻፈ። ሰሌዳውን በማስመሪያ ሠራ፤ በየገጹም አንድ ሥዕልና አንድ ጥያቄ በአማርኛ አኖረ፤ መልሱን ከገጹ ጀርባ ጻፈ። እኅቱ የማታውቀው ቃል በዚያ የለም። ጥያቄ ሁሉ የሚያበቃው፥ «ለምን?» በሚል ቃል ነው። ደብተሩን ያየን ጊዜ ልጁ በስምንት ዓመቱ ከእኛ ሳያገኘው የቀረው መጽሐፍ ምን ዓይነት እንደ ነበር ገባን።

እኛም ይቅርታ መጠየቅ ይገባን ነበር፤ ነገር ግን ከአባት ወደ ልጅ ይቅርታ መናገር በእኛ ዘንድ የተለመደ ስላልሆነ ብዙ ቀን ቈየን። በአንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ግን፥ «ልጄ፥ በዚያ ቀን በእንግዶቹ ፊት ያደረግነው ስሕተት ነበር፤ ያለቀው መጽሐፉ እንጂ አንተ አልነበርህም» አልነው። ልጁ መሬት መሬት እያየ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ሰሌዳውን አመጣና ወታደሮቹን ብቻ በሁለት ረድፍ ደረደረ። «አባባ፥ እርስዎም ከመጀመሪያው ይጀምሩ፤ ዛሬ በወታደሮች ብቻ እንጫወት» አለን። ተጫወትን፤ ሁለት ጊዜም ተሸነፍን። ሦስተኛውን ልጅቱ ተራዬ ነው ብላ ከእጃችን ወሰደችው።

እንግዲህ ለልጃችሁ የቼዝ መጽሐፍ ለመግዛት የምታስቡ ወላጆች ሆይ፥ የእኛን ጥፋት ለትምህርት ውሰዱት። ወፍራሙን አትመኙ፤ ቀጭኑን አትናቁ። መጽሐፉ ትንሽ ተናግሮ የሚጠይቅ፥ ከጥቂት ጠጠር የሚጀምር፥ ሥዕሉ ትክክለኛ፥ አጻጻፉም የዛሬው መሆኑን ተመልከቱ። ከመግዛታችሁ በፊት ልጁን ከመጽሐፉና ከሰሌዳው ጋር ለብቻው ተዉትና እጁ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ከገዛችሁም በኋላ መጽሐፉ ብቻውን ያስተምረዋል ብላችሁ አትተዉት፤ በቤት ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር ቃሉን በአማርኛ እየገለጸ አብሮ ይቀመጥ፤ ባይኖር እናንተ ተቀመጡ። አያቶቻችን ያለ መጽሐፍ ያስተማሩን ከአጠገባቸው ስላስቀመጡን ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ልጅም ሳይጣደፍ ቢማር በዘጠነኛው እርምጃ ላይ መጽሐፉ ሲያልቅበት የራሱን አሳብ ያገኛል።

ያ ወፍራም መጽሐፍ ዛሬም በመደርደሪያችን ላይ አለ። ልጁ በቅርቡ አውርዶ ከመካከሉ ጥቂት ገጽ ሲያነብ አየነው። ምን እንደሚፈልግ አልጠየቅነውም።